ሞተሩ መሀል ጣና ላይ የሚጠፋው ለምንድን ነው?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ከባሕር ዳር ወደ ዘጌና ወደ ደሴቶቹ ሰው የማመላልስበት ጀልባ አለኝ። ሞተሩ አሮጌ ባለ 4 ሲሊንደር ናፍጣ ነው። ከሰኔ ወዲህ መሀል ሐይቅ ላይ ይጠፋብኛል፤ በተለይ ከሰዓት በኋላ ስንመለስ። አሥር ደቂቃ ጠብቄ ሳስነሳው ይነሳል፣ ትንሽ ሄዶ ደግሞ ይጠፋል። ፊልትሮ በየሁለት ሳምንቱ እየቀየርኩ ነው። አንዱ መካኒክ 2 ማይክሮን ፊልትሮ አስገባ ይለኛል። ሌላው ናፍጣውን በነጠላ አጣርተህ ጨምር ይላል። ጓደኛዬ ደግሞ አልኮል ጠብ አድርግበት፣ ውሃውን ያቃጥለዋል አለኝ። ናፍጣ ሲገኝ በበርሜል ገዝቼ ግቢ አስቀምጣለሁ። የማንን ልስማ?»

የማንንም አይስሙ። ሁለቱ ምክሮች ገንዘብና ነጠላ ያባክናሉ። ሦስተኛው አደገኛ ነው።

መልሱን ግማሽ ያህል ራስዎ ጽፈውታል። «አሥር ደቂቃ ጠብቄ ሳስነሳው ይነሳል» ብለዋል። የተደፈነ ፊልትሮ ስለጠበቁት አይከፈትም። ጠብቀውት የሚከፈተው ሰልባትዮው (የናፍጣው ማጠራቀሚያ ታንክ) ውስጥ ያለው የመሳቢያ ቧንቧ አፍ ነው። ሞተሩ ሲስብ ከሥር ያለው ቆሻሻ ቧንቧው አፍ ላይ ይለጠፋል፣ ናፍጣው ይታነቃል፣ ሞተሩ ተንተፋትፎ ይጠፋል። መሳቡ ሲቆም ቆሻሻው ለቆ ይወርዳል። ያስነሱታል፣ ይነሳል። ጥቂት እንደሄዱ ያው ነገር ይደገማል።

ከሰዓት በኋላ የሚብሰውም ለዚሁ ነው። ጠዋት ጣና ዝም ያለ ነው፣ ከሰዓት ነፋስ ሲነሳ ሞገዱ ይመጣል። ቤቱ ጠላ የሚጠመቅ ሰው ይህን ለማስረዳት እኔን አይፈልግም። ጋኑ ካልተነካ ከላይ የጠራ ጠላ ይቀዳል፤ ከነቀነቁት አተላው ተነስቶ ብርጭቆ ውስጥ ይገባል። የእርስዎ ሰልባትዮም አተላ ይዟል። ዳር ላይ ታስሮ ሲቆም ይረጋል፣ ሞገድ ሲያገኘው ይነሳል።

ከመፍረዴ በፊት ግን ምንም ወጪ የሌለው አንድ ፍተሻ አለ። በሚቀጥለው ጊዜ ሲጠፋ የሰልባትዮውን ክዳን ቀስ ብለው ይክፈቱ። «ሽሽሽ» ብሎ አየር ወደ ውስጥ ከሳበና ሞተሩ ወዲያው ተነስቶ በደንብ ከሄደ፣ የተደፈነው የሰልባትዮው መተንፈሻ ነው። ናፍጣ እየወጣ አየር ካልገባ ውስጡ አየር ያጥረዋል፣ ፓምፑም መሳብ ያቅተዋል። መተንፈሻ ቀዳዳ ውስጥ ጭቃ ቤት የሠራች ተርብ ሁለት ጊዜ አጋጥማኛለች። ያ ከሆነ በሽቦ ጠርገው ይገላገላሉ፣ የቀረውን ማንበብም አያስፈልግዎትም።

ክዳኑ ሲከፈት ዝም ካለ ሁለተኛውን ፍተሻ ያድርጉ። ማታ ከሰልባትዮው ከታችኛው ጥግ፣ ከዝቅተኛው ቦታ፣ ግማሽ ሊትር ናፍጣ ያውጡ። የማፍሰሻ ቡሎን ከሌለው ቀጭን ጎማ አስገብተው በእጅ ፓምፕ ይሳቡት። በአፍ አይሳቡ። ወደ ሳንባ የገባ ናፍጣ ሆስፒታል ያስተኛል። የቀዱትን በንጹሕ የሃይላንድ ጠርሙስ አድርገው እስከ ጠዋት ሳይነኩት ያስቀምጡ።

ባለፈው ክረምት አንድ ደንበኛ እንዲህ አድርጎ ያመጣልኝን ጠርሙስ እስካሁን አልረሳሁትም። ከላይ ማር የመሰለ ናፍጣ ነበር። ከሥሩ ሁለት ጣት የሚያህል ውሃ። በሁለቱ መሀል ደግሞ እንደ ቡና አተላ የጠቆረ፣ ጠርሙሱን ሲያዘነብሉት እንደ ንፍጥ አብሮ የሚንሸራተት ስስ ሽፋን። ሽታው የበሰበሰ ነገር ነው። «ይሄ ዝገት ነው አይደል?» አለኝ። ዝገት አይደለም። ሕይወት ያለው ነገር ነው። ናፍጣና ውሃ በሚገናኙበት መስመር ላይ ባክቴሪያና ሻጋታ ይራባሉ። የሚኖሩት ውሃው ውስጥ ነው፣ የሚበሉት ናፍጣውን። የሚሠሩት አተላ ፊልትሮ ይደፍናል፣ የሚያወጡት አሲድ ብረት ይበላል። ውሃ ከሌለ እነሱም የሉም።

ስለዚህ ትልቁ ጥያቄ ውሃው ከየት መጣ የሚለው ነው። ብዙ ሰው ወዲያው ማደያውን ይጠረጥራል። ናፍጣችን ከጅቡቲ በቦቴ ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ተጉዞ ነው የሚመጣው። ከዚያም ከመሬት በታች ታንከር ይገባል። በመንገዱ ላይ ውሃ ሊገባበት ይችላል። ሌላው ደግሞ «ሰልባትዮው ጎዶሎ ስለሚያድር ያልበዋል» ይላል። ላቡ እውነት ነው፣ ግን ሰው እንደሚያወራው አይደለም። 200 ሊትር የሚሆን ባዶ ቦታ በእርጥብ አየር ተሞልቶ ከ27 ወደ 13 ዲግሪ ቢቀዘቅዝ የሚያወጣው ውሃ 3 ግራም ገደማ ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ አይሞላም። በወራት ይጠራቀማል፣ አልክድም። በሁለት ሳምንት ፊልትሮ የሚጨርስ ውሃ ግን እንዲህ አይመጣም።

እኔ የምጠረጥረው በርሜልዎን ነው። የሰኔን ወር ራስዎ ጠቅሰውታል። የተለመደው የ200 ሊትር በርሜል ክዳኑ ዙሪያውን ከንፈር አለው። ቆሞ ዝናብ ሲወርድበት ውሃው እዚያው ይቋጥራል። አንድ ሴንቲ ሜትር ብቻ ቢቋጥር ሁለት ሊትር ተኩል ውሃ ነው። ቀን ፀሐይ ሲያገኘው በርሜሉ ውስጥ ያለው አየር ይሰፋና በክዳኑ ጥርስ በኩል ይወጣል። ማታ ሲቀዘቅዝ መልሶ ይስባል። የሚስበው ግን አየር አይደለም፣ ክዳኑ ላይ የተኛውን ውሃ ነው። ክዳኑን ግጥም አድርጌ አጥብቄዋለሁ ብለው አይጽናኑ፤ የጠበቀ ጥርስም ማታ ማታ ጠብ ጠብ እያለ ያስገባል። ባሕር ዳር ክረምቱን ሙሉ በየቀኑ ማለት ይቻላል ይዘንባል። በየቀኑ እየተነፈሰ የሚጠጣ በርሜል ነው ያለዎት።

ውሃ የሚገባበት ሌላው በር የጀልባው የመሙያ ክዳን ነው። ላስቲኩ ከደረቀ ሞገድ የረጨው ውሃ ይገባል። ባሕር ላይ ቢሆን ጨዉ ይመሰክር ነበር፤ የጣና ውሃ ግን ጨው የለውም። ፍንጭ የሚሆን አንድ ነገር አለ። በክረምት ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭና ግልገል አባይ አፈር ይዘው ስለሚገቡ ሐይቁ ይደፈርሳል። ከጠርሙሱ ሥር ያለው ውሃ የደፈረሰና ደቃቅ ጭቃ ያለው ከሆነ ሐይቁን ይጠርጥሩ። የጠራ ከሆነ በርሜሉን። ይሄ ፍንጭ እንጂ ማስረጃ አይደለም፣ የበርሜሉንም የጀልባውንም ክዳን ላስቲክ ለማንኛውም ይቀይሩ።

አሁን ወደ ፊልትሮው። «2 ማይክሮን አስገባ» የሚለው ምክር ብልህ ይመስላል፣ ቦታው ግን ስህተት ነው። ማይክሮን የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው። የሰው ፀጉር ወደ 70 ማይክሮን ይወፍራል፣ ዓይን ከ40 በታች ያለውን ብናኝ ለይቶ አያይም። 2 ማይክሮን በጣም ደቃቅ ነው። የናፍጣ ግፊታቸው ከ1,600 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) በላይ ለሚሄድ አዳዲስ የኮመን ሬይል ሞተሮች፣ ማለትም ናፍጣውን ከአንድ የጋራ ቧንቧ ለሚያከፋፍሉት፣ እንዲህ ያለ ጥራት ያስፈልጋል። የእርስዎ አሮጌ ኖዝል፣ ናፍጣውን ሲሊንደር ውስጥ የሚረጨው፣ የሚከፈተው በ200 ባር አካባቢ ነው። ከዚያ በላይ ደግሞ ቁጥሩ ራሱ ያሳስታል። አንዱ «2 ማይክሮን» ብሎ የጻፈው ፊልትሮ እንዲህ ካለው ብናኝ ግማሹን ብቻ ይይዛል፣ ሌላው 98 ከመቶ። ስለዚህ ሻጩን «በስንት ፐርሰንት?» ብለው ይጠይቁት። የማያውቅ ከሆነ ካርቶኑን ያንብቡ። አይኤስኦ (የዓለም አቀፍ ደረጃ) 19438 የሚለው የብናኝ ማጣሪያውን ፈተና ነው፤ አይኤስኦ 16332 ደግሞ ውሃ የመለየቱን።

ዋናው ችግር ግን ይህ አይደለም። ከፓምፑ በፊት ደቃቅ ፊልትሮ ማስገባት ሞተሩን ማስራብ ነው። ፓምፕ ናፍጣን «ይስባል» እንላለን እንጂ፣ በትክክል ናፍጣውን የሚገፋው ሰልባትዮው ላይ ያረፈው የአየር ክብደት ነው። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው 80 ከመቶ ያህል ብቻ ነው። የባሕር መርከብ መመሪያ የጻፈ ሰው ያላሰበው አንድ አምስተኛ ጎድሎብናል። ደቃቁን ፊልትሮ ከፓምፑ በፊት አስገብተው ትንሽ ሲቆሽሽ፣ አሁን በየሁለት ሳምንቱ የሚቀይሩትን ፊልትሮ በየሦስት ቀኑ ለመቀየር ይገደዳሉ።

ተራ ወረቀት ፊልትሮ ውሃ ሲያገኝ ያብጣል። በየሁለት ሳምንቱ የሚጥሉት ፊልትሮ ሁሉ በቆሻሻ ላይሞላ ይችላል፣ ውሃ የጠጣም ይኖርበታል። አንዱን በመጋዝ ቆርጠው ይዩት። እጥፋቶቹ ተጣብቀው እንደ ራሰ ደብተር ከሆኑ ውሃ ነው። ጥቁር ልስልስ ነገር ከለበሱ ያ ቅድም ያልኩዎት አተላ ነው።

ነጠላውን በተመለከተ፣ ቅጠልና የበርሜል ቀለም ቅራፊ ይይዝልዎታል። ውሃ አያቆምም። የጨርቅ ቀዳዳ ከደቃቅ ብናኝ ጋር ሲነጻጸር የከብት በር ነው። ጨርቁ ራሱ የሚያራግፈው ክር ደግሞ ፊልትሮ ላይ ይሄዳል።

አልኮልን ግን ይተዉት። ውሃ አይቃጠልም፣ ምንም ቢጨመርበት። አልኮል ከናፍጣ ይልቅ ከውሃ ጋር ነው የሚዋደድ። ሰልባትዮው ሥር ወዳለው ውሃ ወርዶ ይቀላቀላል፣ ከፊሉን ውሃም ይዞ በፊልትሮው ያልፋል። የናፍጣ ፓምፕ የሚለሰልሰው በራሱ በናፍጣው ነው። ውሃና አልኮል ሲገባበት ብረት ከብረት ይፋጫል። ከሁሉም የሚከፋው እሳቱ ነው። የናፍጣ ትነት በእሳት ለመያዝ ከ50 ዲግሪ በላይ መሞቅ አለበት። የአልኮል 13 ዲግሪ አካባቢ ይበቃዋል። ሰው የጫነ ጀልባ ውስጥ፣ ከሞቀ ሞተር አጠገብ፣ ይህን አልመክርም። ሰልባትዮ በቤንዚን የሚያጥቡም አሉ። እሱም ያው ነው፤ የቤንዚን ትነት ከጀልባው ወለል ሥር ተኝቶ አንዲት ብልጭታ ይጠብቃል።

ታዲያ ምን ያድርጉ? መጀመሪያ ሰልባትዮው ይታጠብ። ተፈትቶ ይውጣ፣ ይራገፍ፣ ውስጡ በንጹሕ ናፍጣ እየተፈገፈገ ይታጠብ። የመሳቢያው ቧንቧም ይነፋ፣ አፉ ላይ ወንፊት ካለው ይታይ። ሥሩ የበሰበሰ ከሆነና አዲስ የሚያሠሩ ከሆነ በጋልቫናይዝድ ቆርቆሮ አያሠሩ። ናፍጣ ዚንኩን እየበላ ሌላ ዝቃጭ ይፈጥራል። የድሮውን ሰልባትዮ በእሳት ለመበየድ የሚቸኩል በያጅ ካጋጠመዎትም ጥለውት ይሂዱ። ባዶ ሰልባትዮ ከሙሉው ይልቅ ይፈነዳል። ጀርሙን የሚገድል መድኃኒት ካገኙ ከታጠበ በኋላ ይጨምሩ። ሳይታጠብ ከጨመሩ የሞተው አተላ ሁሉ ተነስቶ ፊልትሮዎ ላይ ይዘምታል።

ሁለተኛ፣ በርሜሉ መጠለያ ሥር ይግባ። ክዳኖቹ ከፍ ባለው በኩል እንዲሆኑ ከሥሩ እንጨት አድርገው ትንሽ ያዘንብሉት። አዲስ የገዙትን ናፍጣ ወዲያው አይቅዱ። የውሃ ጠብታ በናፍጣ ውስጥ የሚወርደው እንደ መጠኑ ነው። 100 ማይክሮን የሆነች ጠብታ በሰዓት አንድ ሜትር ገደማ ትወርዳለች። 10 ማይክሮን የሆነችው ግን መቶ እጥፍ ዘገምተኛ ናት፤ በሰዓት አንድ ሴንቲ ሜትር። ከበርሜል አናት እስከ ሥሩ ለመድረስ ከሦስት ቀን በላይ ይፈጅባታል። ስለዚህ በርሜሉ ከመጣ በኋላ አራት ቀን ሳይነካ ይቁም። ሲቀዱ ከላይ በጎማ ይቅዱ፣ ከታች አራት ጣት ያህል ይተዉ። የተረፈውን በጀሪካን ለይተው እንዲረጋ ያቆዩት። ናፍጣ በማይገኝበት ሰሞን ይህ ትዕግሥት እንደሚከብድ አውቃለሁ። ሁለት በርሜል በተራ መጠቀም ነው መፍትሔው።

ሦስተኛ፣ ውሃ መለያ ይግጠሙ፤ ገበያ ላይ ሴፓሬተር የሚሉት። ቦታው ከሰልባትዮው ቀጥሎ፣ ከፓምፑ በፊት ነው። ምክንያት አለው። ፓምፕ ውሃውን መትቶ ደቃቅ ጠብታ ያደርገዋል፤ ከዚያ በኋላ ለመለየት አስቸጋሪ ነው። ጠብታው ገና ትልቅ ሳለ ነው መያዝ ያለበት። ውስጡ ናፍጣውን ያሽከረክረዋል፣ ከበድ ያለው ውሃ ወደ ጎን ተገፍቶ ወደ ታች ይወርዳል። የቀረውን ውሃ የማያስጠጋ ተደርጎ የታከመው ወረቀት ይመልሰዋል። 10 ማይክሮን ይበቃዎታል። ከእጥበቱ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ሳምንታት የተረፈ ቆሻሻ ስለሚመጣ 30 ቢያስገቡም አልከፋም። ደቃቁን ሥራ ሞተሩ ላይ ያለው የፋብሪካ ፊልትሮ ይሥራው፤ እሱ ከፓምፑ በኋላ ስለሆነ ግፊት አለው።

ሲገዙ ሊትሩን ይዩ። ሞተርዎ በሰዓት 8 ሊትር ቢያቃጥል መለያው 8 ሊትር የሚችል ይሁን ማለት አይደለም። ፓምፑ ከሚቃጠለው በላይ ይስባል፣ ትርፉን ወደ ሰልባትዮው ይመልሳል። ትንሽ መለያ ውስጥ ናፍጣው ስለሚጣደፍ ውሃው ለመውረድ ጊዜ አያገኝም። ገንዘብ ከተረፈዎት መሳቡን የሚያሳይ ጌጅ ያስገጥሙበት። አዲስ ፊልትሮ ላይ የሚያሳየውን ቁጥር በቀለም ምልክት ያድርጉ። ከዚያ ፊልትሮ የሚቀይሩት ሳምንት ቆጥረው ሳይሆን ቀስቱ ሲወጣ አይተው ይሆናል።

ከሥሩ ያለው ብርጭቆ የሚመስል ጎድጓዳ በየጠዋቱ ሰው ከመጫኑ በፊት ይታይ። ውሃ ካለው ሞተሩ ጠፍቶ ይራገፍ። እኔ ወጣት ሳለሁ ችኩል ስለነበርኩ ሞተሩ እየሠራ ከፈትኩት። እዚያ ቦታ መሳብ እንጂ ግፊት የለም፤ አየር ገባ፣ ሞተሩ ጠፋ፣ ደቅ ደሴት አጠገብ ሆነን አየር ሳስወጣ አንድ ሰዓት ሙሉ ተሳፋሪ ሲያየኝ ዋለ። ጎድጓዳው ፕላስቲክ ከሆነ ከጭስ ማውጫው ያርቁት፣ ከሥሩም የብረት መከላከያ ያድርጉለት። ያራገፉትንም ሐይቁ ውስጥ አይድፉ። ጣና እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ተብሎ ተመዝግቧል። እሱ ቢቀር እንኳ ከዳር ያሉ ሰዎች ይጠጡታል። ጀሪካን ይያዙ።

መለያው የማያደርገውንም ይወቁ። ናፍጣው ውስጥ ሟሙቶ የተደበቀውን ውሃ አያወጣም። በነጭ ጋዝ የተቀላቀለ ናፍጣንም አያስተካክልም። ጎድጓዳው አንዴ ሞልቶ ካደረ ደግሞ ቀጥሎ የሚመጣው ውሃ ሁሉ ወደ ሞተሩ ያልፋል። በየጠዋቱ የማያየው ሰው ባይገዛው ይሻለዋል።

ሰልባትዮው ታጥቦ፣ መለያው ተገጥሞ፣ አሁንም ከጠፋ፣ እንደገና ፊልትሮ አይግዙ። ንጹሕ ናፍጣ በጀሪካን ይዘው ጀልባው ላይ ያስቀምጡ። የመሳቢያውን ጎማ ከፓምፑ ነቅለው በቀጥታ ከጀሪካኑ ያገናኙ፣ የመመለሻውን ጎማም ወደዚያው ጀሪካን ይክተቱ። ጀሪካኑ እንዳይገለበጥ በገመድ ይሰሩት። ያለ ተሳፋሪ፣ ከዳር ሳይርቁ፣ አንድ ሰዓት ያህል ይንዱት። ካልጠፋ ችግሩ ከፓምፑ ወደኋላ ነው፤ መጋጠሚያዎቹን አንድ በአንድ ይፈትሹ፣ አየር የሚያስገባ አለ። ከጠፋ ግን ፓምፑን ፈትተው ይዘውልኝ ይምጡ።